ክፍተቱ ላይ የተሰመረው መስመር

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ሰኔ ሃያ። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።

የፊዚክስ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጌትነት ቢሮው ጠራኝና ተቀመጪ እንኳን ሳይለኝ፣ «ፈህሚያ፣ ዓመትሽ አልቋል። ሰኔ ሃያ የዶክትሬት ጽሑፍሽን በአማካሪሽ ፊርማ ካላስገባሽ ስምሽ ይሰረዛል። ከአሁን በኋላ ማራዘም የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ፣ «ያው አንድ ምዕራፍ አይደል የቀረሽ?» ይላል። አንድ ምዕራፍ! አፉ ላይ እንዴት ቀለለው። ዓመቶቼን ምን እንደበላቸው እሱም አብሮኝ አይቷል። ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። ለማን አቤት ይባላል?

ስሜ ከተሰረዘ ደግሞ የሚቀረው ዲግሪው ብቻ አይደለም፤ የመምህርነት ቦታዬም አብሮ ይሄዳል። እማ ለሰፈራችን ለአራዳ ሰው ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብላ ጨርሳለች። ሰፈሩ ካሁኑ «ዶክተሯ» ይለኛል። አንዳንዷማ የጉልበት ሕመሟን ልታማክረኝ ትመጣለች።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ኡዘይር ሱቁን ዘግቶ መጣና እራት ላይ ያዘኝ። ታናሼ ነው። የአባታችንን ሱቅ ይዞ አምፖልና ገመድ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሶላርና ባትሪ ይሸጣል።

«ቁርጡን ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የምትሠሪው? ሰው ሲጠይቀኝ ኮምፒውተር ላይ ውሃ ታፈላለች እያልኩ ነው።»

«ሦስት ዓይነት ቅንጣቶች የተደባለቁበት ፈሳሽ አስብ» አልኩት። «አንዷ እዚህ ካለች፣ ሌላዋ በዚህ ያህል ርቀት ላይ የመገኘት ዕድሏ ስንት ነው? ትስስር የምንለው እሱን ነው። ሁለቱ በቀጥታ ይገፋፋሉ ወይ ይሳሳባሉ። ደግሞ በሦስተኛዋ በኩል፣ እሷም በሌላዋ በኩል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳይገናኙ አንዷ የሌላዋን ቦታ ትወስናለች። አንተና የአዘዞው ነጋዴ ሳትተያዩ በአጎታችን በኩል እንደምትነካኩት።»

«ሐሜት ነዋ!»

«ሐሜት በስሌት።»

እማ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን እንዳሳቀኝ እንጃ።

ሚያዝያ 24፣ አርብ

ምዕራፍ ሦስት። ነገሩ ያለው እዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ አልቋል።

አማካሪዬ ዶክተር ሀብተሥላሴ ድሮ ኢጣሊያ ሲማሩ አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ሁለት ዓይነት ቅንጣቶች ያሉት ፈሳሽ በማንኛውም መጠን ቢቀላቀል ተደባልቆ ይኖራል የሚል ነው። ስማቸው የቆመው በእሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኔ ሦስተኛ ዓይነት እጨምርበታለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በግምት እጀምራለሁ፣ ፕሮግራሙ ግምቱን ያርማል፣ የታረመውን ካሮጌው ጋር በጥቂት በጥቂቱ እቀላቅላለሁ፣ ደግሜ፣ ደግሜ፣ ለውጥ እስኪጠፋ ድረስ። ለውጡ ጠፋ ማለት መልስ ተገኘ ማለት ነው።

ከአንደኛው ብዙ፣ ከሁለተኛው ጥቂት ሲሆን መልስ አለኝ። በተቃራኒውም አለኝ። ሁለቱ እኩል ወደመሆኑ ሲጠጋጉ ግን መሃሉ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ስሌቱ ረጅም ነው፤ ማታ ለቅቄው እሄዳለሁ፣ ጠዋት ስመጣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይጠብቀኛል። መዝገቤ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፤ መብራት፣ መብራት፣ መብራት። ለዶክተር ስነግራቸው መልሳቸው አይለወጥም። «ግራና ቀኙ ካለሽ መሃሉን በመስመር አገናኚው። እኔም እንደዚያው ነው ያደረግኩት።»

እሺ፣ አገናኛለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ሲሄድ ማየት አማረኝ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ኡዘይር ኢንቨርተርና ሁለት ትልልቅ ባትሪ ጭኖ መጣ። ክፍሌ ውስጥ ገጠመው። «በይ ፕሮፌሰር፣ ከእንግዲህ መብራት ጠፋ ብለሽ ብታለቅሺ አልሰማሽም» አለኝ። ወንድሜ ነው፤ አላህ ዕድሜ ይስጠው። ዛሬ ብቻ አልሰደብኩትም።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

መብራት ጠፋ! ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፣ የኔ ኮምፒውተር አልጠፋም! እማ ሻማ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችን፣ እኔንና ኮምፒውተሩን። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁንስ ትተኛለሽ» አለች።

አልተኛም። እየሄደ ነው።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

አልጨረሰም። ሊጨርስም ያሰበ አይመስልም። ለውጡ መቀነስ ሲገባው ይቀንስና ይመለሳል፣ ይመለስና ያብጣል፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሮቹ ጣሪያ ነክተው ፕሮግራሙ ራሱ ቆመ። መብራት አልጠፋም። ባትሪውን ሁለት ጊዜ አየሁት።

የኢንቨርተሩ ችግር ይሆናል። ኡዘይርን ጠርቼ ጮህኩበት። «እህቴ፣ ይኸ ዕቃ መብራት ነው የሚሰጥ፤ ሒሳብ አያስተምርም» ብሎኝ ወጣ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አንድ ስህተት አላገኘሁም። አዲሱን ካሮጌው ጋር የምቀላቅልበትን መጠን አሳነስኩት፣ በጣም አሳነስኩት፣ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው። ስሌቱ አዘገመና መጨረሻው እዚያው ገደል ሆነ።

ደደብ። ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስማር ነበር? ክፍል ገብቼ ስለ ሙቀት ሳስተምር አንድ ተማሪ «መምህር፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ሁለቴ ጻፉ» አለኝ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ዛሬ ስህተቱን መፈለግ ተውኩና ዝም ብዬ አየሁት።

ከግራ ጀምሬ በትንሽ በትንሹ ወደ መሃል ተጠጋሁ። እያንዳንዱ ቅንጣት የሌላውን መኖር የሚሰማበት ርቀት እየረዘመ ይመጣል። መጀመሪያ ጎረቤቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ወደ ክፍተቱ ሲጠጋ ግን የሩቁን፣ ከዚያም የሩቅ ሩቁን ያውቃል። ድብልቁ መቆየት መቻሉን የምትናገር አንዲት ቁጥር አለች፤ ከዜሮ በላይ እስከሆነች ድረስ ፈሳሹ ተደባልቆ ይኖራል። ወደ ዜሮ እየወረደች ነው። ከቀኝም ጀመርኩ። ከቀኝም ወደ ዜሮ ትወርዳለች። ሁለቱ የሚደርሱት ክፍተቱ አፋፍ ላይ ነው።

መሃል ላይ መልስ የሌለው ስለሌለ ነው! ፈሳሹ እዚያ አይደባለቅም። እንደ ዘይትና ውሃ ለሁለት ይለያል። መልስ የሌለው ስሌት አያልቅም፤ የማያልቅ ስሌት ደግሞ እዚህ አገር አንድ ቀን መብራት ይጠፋበታል። እኛም መብራት ነው ብለን ጽፈን ተኛን። ሱብሃነላህ!

ብድግ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ዞርኩ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ወዲያው ብርድ ብርድ አለኝ። ምዕራፍ ሦስት የቆመው ባሮጌው መስመር ላይ ነው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ለኡዘይር ነገርኩት። ለማን ልንገር? ሲሰማኝ ቆየና፣ «ዶክተርሽ የሠሩት ኢጣሊያ አገር አይደል? እዚያም መብራት ይጠፋል እንዴ?» አለኝ።

እሱ ነገር አይገባውም። የድሮ ኮምፒውተር ቀርፋፋ ነው፣ ሰልፍ አለው፣ ተራ ይጠበቅበታል። ስንት ነገር ይኖራል። ተናደድኩበት፤ እራቴንም ትቼ ገባሁ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ሦስተኛውን ዓይነት ዜሮ አደረግኩት። ያን ጊዜ የሚቀረው የዶክተር ስሌት ነው፣ ልክ እንደሠሩት። ያው ክፍተት። ያው ቦታ። መስመሩ የተሰመረው በባዶ ላይ ነው።

በቃ፣ እነግራቸዋለሁ። ሰውየው ሊቅ ናቸው፤ ሲያዩት ያመሰግኑኛል።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ከከተማ ወጣ ብሎ ፀዳ፣ ዶክተር ቤት ሄድኩ። ኩላሊታቸው ከታመመ ወዲህ ቢሮ አይመጡም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል እየሄዱ ደማቸውን ያሳጥባሉ። እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ሶፋ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋአየሁ «ነይ ልጄ፣ ነይ ግቢ» ብለው አስገቡኝ።

ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአክብሮት ጀምሬ፣ እየዞርኩ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ስህተት የምትለዋን ቃል ላነሳት። ንግግሩ አላስፈለገም። ሥዕሉን አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባትሪ አገኘሽ ማለት ነው» አሉ።

እንዴት አወቁ? ኡዘይር የገጠመልኝን አልነገርኳቸውም።

«ዶክተር፣ እርስዎ ሲሠሩት…»

«ሲያልቅ አላየሁትም። የትምህርት ጊዜዬ አልቆ ነበር፣ ትኬቱ ተቆርጦ ነበር፣ ሸዋአየሁ እርጉዝ ነበረች። ግራና ቀኙ ነበረኝ፤ አገናኘሁት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ስሚኝ ፈህሚያ። እኔ ብዙ አልቆይም። አንቺ መስመርሽን አገናኝተሽ አስገቢ፤ እፈርምልሻለሁ፤ ዶክተር ትሆኛለሽ። ከኔ በኋላ አርመሽ በራስሽ ስም አውጪው። ያን ጊዜ ማንም አይጎዳም።»

ላፕቶፑን ዘጋሁት። እትዬ ሸዋአየሁ እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ነጠላቸውን ራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ደግ ሐሳብ ነው፤ ለእሳቸውም ለእኔም ይበጃል። ታዲያ ምነው እሺ ማለት አቃተኝ? በውሸት ዶክተር ሆኜ፣ በውሸቱ ላይ ተማሪ አስተምሬ፣ ተማሪዬ ደግሞ በኔ ላይ ሌላ መስመር አስምሮ… ኧረ ተይ ፈህሚያ፣ ተኚ።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዶክተርን ሄጄ ጠየቅኳቸው። እግራቸው አብጧል። ትንፋሻቸውም ቆረጥ ቆረጥ ይላል።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

የድኅረ ምረቃውን ደንብ አነበብኩት። አማካሪ በሕመም ወይም በሞት ምክንያት መቀጠል ካልቻለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል ይላል። ጌትነት መስመሩ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፤ ክፍተት ያለውንም እንዳለ ይፈርማል።

ለማወቅ ያህል ነው ያነበብኩት። ደንብ ማወቅ ጥሩ ነው።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ፀዳ ደርሼ መጣሁ። እጥበት ውለው መምጣታቸው ነው፣ ተኝተው ነበር። እትዬ ሸዋአየሁ ጓዳ ሆነው ስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። «ተማሪው ናት፤ ፈህሚያ። የሥጋ ዘመድ የማያደርገውን ነው የምታደርገው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከበራችን አትጠፋም፣ እግሯ ይባረክ» ይላሉ።

ጫማዬን አደረግኩና ሳልሰናበት ወጣሁ። ክፍል አለብኝ ብዬ ነው። ቅዳሜ መሆኑ ትዝ ያለኝ አዘዞ ስደርስ ነው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ክፍል። ስብሰባ። ጌትነት «ዶክተር እንዴት ናቸው?» አለኝ፤ ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቀኝ። «ያው ናቸው» አልኩ። ድምፄ ቅር ያለው መሰለ። ደክሞኝ ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ኢንተርኔት ሠራ። ጽሑፍ ላወርድ ገብቼ ስለ ኩላሊት ሳነብ አመሸሁ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ምን ያህል ይኖራል፣ ምን ሲሆን ይብስበታል። ሙዝና ብርቱካን ለእነሱ መርዝ ነው አሉ፤ ውስጡ ያለው ነገር ከደም ካልወጣ ልብን ያቆማል። ለእትዬ ሸዋአየሁ እነግራቸዋለሁ፤ ምናልባት አያውቁ ይሆናል።

ግንቦት 29፣ አርብ

አረፋ። ዒድ ሙባረክ። ሶላት፣ ዘመድ፣ ሕፃናት፣ ጫጫታ። አጎቴ በሰው ፊት «ዶክተሯ መቼ ነው የምትመረቂው?» አለኝ። «ኢንሻአላህ» አልኩት። መቼ ለሚል ጥያቄ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

እማ ጠዋት ዘንቢል አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። «አስተማሪሽን በባዶ እጅሽ ነው የምትጠይቂያቸው? በዒድ? የኛን ሥጋ አይበሉ፤ ፍራፍሬ ውሰጂላቸው» አለችኝ። ራሷ ገበያ ወጥታ፣ እየነካካች መርጣ፣ ሸጋ ሸጋውን ሙዝ አምጥታለች። ሥሩ ብርቱካን ነው።

ተቀበልኳት። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ፀዳ ወረድኩ። በሩን አንኳኳሁ። እትዬ ሸዋአየሁ ከፈቱና ዘንቢሉን ተቀብለው ሲያዩት፣ «ውይ ልጄ፣ ምን አስቸገረሽ! ሙዝማ ተከልክሏል እኮ፣ አንዲት ፍሬም አትቅመስ ብለውታል። እኔ እበላዋለሁ፤ እናትሽን አመስግኚልኝ» አሉና ጓዳ ከተቱት።

ረስቼው ነው።

ረቡዕ ማታ ያነበብኩትን ቅዳሜ ጠዋት ረሳሁት። ሰው ይረሳል። ይህን ያህል ሥራ ያለበት ሰው ይረሳል። እማ በፍቅር የገዛችውን እምቢ ማለትም ይከብዳል። ደግሞ እነሱ ያውቁ ነበር፤ ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነ ነገር ላይ ምን አንጨረጨረኝ?

ከአራዳ እስከ ፀዳ መንገዱ ረጅም ነው። ዘንቢሉ ጭኔ ላይ ነበር። መንገዱን ሙሉ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

ያ ረቢ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። እማ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። «ምን ሆንሽብኝ?» ትለኛለች። ወባ ይሆናል አልኳት።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ዶክተር ተሻላቸው። መልካቸው ተመልሷል፣ እግራቸው ጎድሏል፣ ቀልድም ጀምረዋል። ጌትነት ኮሪደር ላይ ለሌላ መምህር «ሀብተሥላሴ በዚህ ከቀጠለ መስከረም ላይ ክፍል ይገባል» ሲለው ሰማሁት።

ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ማታ መስመሩን አሰመርኩት። ሙከራ ነው፤ እንዴት እንደሚመስል ላይ ብዬ። አንድ ትእዛዝ ነው፣ ኮምፒውተሩ ለምን እንኳን አይልም። ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሲፈስ እንዴት ያምራል! ምዕራፉን በሱ ጻፍኩት። ቃላቱ እንደዚህ ፈጥነው ወጥተውልኝ አያውቁም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ሁለት ምዕራፍ ሦስት አለኝ። አንዱ መስመር አለው፣ አንዱ ክፍተት። አንዱ ፊርማ አለው፣ አንዱ የለውም። እማ ለምረቃው የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፋች። መተኛት አልቻልኩም። መብላት አልቻልኩም። ማስተማር አልቻልኩም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ደወልኩላቸው። «ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፤ ፈርሜ እገላገልሻለሁ» አሉኝ። በሳቅ ነው ያሉት። ከሚስታቸው ጋር ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ስልኩን ዘግቼ የልብሴን መደርደሪያ በቡጢ መታሁት። እጄ አብጧል።

ምን አናደደኝ? ልጻፈው። መዳናቸው። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

አሁን ከፀዳ መመለሴ ነው።

ዶክተር ሸሚዝ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁኝ። «የታለ?» አሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። መስመር ያለውን አወጣሁና ሰጠኋቸው። ገልጠው ሥዕሉን አዩት። «አየሽ፣ ሸጋ ሆነ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቃላቸው አልነበረም። የፊርማውን ገጽ አወጡ፤ ስማቸው ያለበትን መስመር በጣታቸው ፈለጉት።

«ዶክተር፣ አይፈርሙ» አልኩ።

ቀና አሉ።

«እርስዎ እስኪሞቱ መጠበቅ አልችልም። መጠበቅ ጀምሬ ነበር።»

አፌ ነው ያለው። እኔ አልነበርኩም ብዬ ልጽፍ አልኩ፤ እኔ ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እትዬ ሸዋአየሁ ሻይ በትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ብርጭቆዎቹ እርስ በርሳቸው ይንቃጨላሉ።

ዶክተር አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሌላው ሰው ሲገባ ፊቴን ነው የሚያየው። አንቺ እግሬን ነው የምታዪው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ክፍተት ያለውን ቅጂ አውጥቼ ከፊታቸው አስቀመጥኩት። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «ሁለቱንም እዚሁ ትተሽ ሂጂ።»

እትዬ ሸዋአየሁ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ጓዳ ገቡ። የሸኘኝ አልነበረም። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ስልክ የለም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

የለም። ለእማና ለኡዘይር ነገርኳቸው፣ የቱንም ሳልደብቅ፣ ሙዙንም ጭምር። ኡዘይር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። እማ ፊቷን አዞረችብኝ። ከዚያ «እኔ መርጬ የገዛሁትን?» አለች። ዲግሪው አሁን ምኔ ነው? ይቅር፤ እሱም ይቅር፣ ቦታውም ይቅር።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ጌትነት አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የኔ ጽሑፍ አለ፤ ክፍተት ያለው። ተፈርሟል። ከሥሩ በዶክተር እጅ፣ «የተማሪዋ ውጤት ትክክል ነው። የእኔ ቀድሞ የወጣው መስመር ስህተት ነው፤ ለመጽሔቱም ጽፌአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አማካሪነቴን ለቅቄአለሁ» ይላል። መስመር ያለው ቅጂ አልተመለሰም።

«ምን ብለሽው ነው?» አለኝ ጌትነት። «ሰውየው ለሃያ ዓመት ያላመነውን ስህተት ዛሬ አመነ!»

እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው? አልጠየቅኩትም። ጽሑፌን ይዤ ወጣሁ።

ሰኔ 20፣ አርብ

አስገባሁ። ሬጅስትራር፣ ማኅተም፣ አለቀ።

ቤት ስገባ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፤ ኡዘይር ነው የነገራቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እማ አብራ እልል አለች፤ ስታቅፈኝ ግን እጇ ቶሎ ለቀቀኝ። ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ ዶክተር!» ይሉኛል። ዶክተር የሚኮነው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ሲከላከሉት እንጂ ሲያስገቡት አይደለም ብዬ ላስረዳ ስጀምር ማንም አልሰማኝም። እኔም ተውኩት።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ቢሮ ተቀምጬ ጌትነት ኮሪደር ላይ ለጸሐፊዋ ሲነግራት ሰማሁ። «ሀብተሥላሴ ትናንት ማታ ሆስፒታል ገባ። ትንፋሽ አጥሮታል፤ ኦክሲጅን ላይ ነው።» ጸሐፊዋ ወዲያው በሬን ከፍታ፣ «ፈህሚያ፣ ሰማሽ? መቼም አንቺ ሳትሄጂ አትቀሪ፤ ስትሄጂ ጥሪኝ፣ አብረን እንጠይቃቸው» አለችኝ።

እሺ አልኳት። በሩን ዘጋሁና ስልኬን አወጣሁ። የእትዬ ሸዋአየሁን ቁጥር ነካሁት። ሳይጠራ ዘጋሁት። ምን ልላቸው ነው? እንዴት አደሩ? ከኔ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ሆስፒታል ብሄድ፣ አልጋቸው አጠገብ ብቆም፣ የት የቱን እንደማይ እትዬ ሸዋአየሁ ያዩኛል።

ከሰዓት ክፍሉን ዘግቼ ሶላቴን ሰገድኩ። ዱዓ አደረግኩላቸው። ትንፋሻቸው እንዲመለስ፣ በእግራቸው ቆመው ወደ ቤታቸው እንዲገቡ፣ ዕድሜያቸው እንዲረዝም ለመንኩ። ከልቤ ነው፤ ወላሂ ከልቤ ነው። አሁን ይህን የሚያምነኝ ማን አለ።